ማሊያው ይቆየን፣ መጀመሪያ ፓስፖርቱን እንይ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስቶክሆልም የተወለደ የ16 ዓመት ልጅ አለህ። ለስዊድን ከ17 ዓመት በታች ቡድን የልምምድ ካምፕ ተጠርቷል። አዲስ አበባ ያሉት አያቱ ደግሞ "ለሀገሩ ሲጫወት ሳላይ እንዳልሞት" እያሉ ነው። በዚያ ላይ አንድ ሰውዬ ደውሎ "ሰነዱን ላኩልኝ፣ ለኢትዮጵያ አስገባዋለሁ" ብሎሃል። አንተም "አንዴ ለስዊድን ከተጫወተ የኢትዮጵያ በር ተዘጋበት ማለት ነው? የቱን ልምረጥለት?" ብለህ ጠየቅክ።

ስለ ደምና ስለ እንጀራ ብዙ ሰው ይነግርሃል። እኔ ስለ ወረቀት ልንገርህ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈራችንን ልጆች ኳስ ማሰልጠን ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆነኝ። የራሴም ልጅ በዚሁ ጥያቄ ውስጥ አልፏል። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ የአዋጆቹ ቁጥር ብቻ በኛው አቆጣጠር ነው።)

መጀመሪያ ጭንቀትህን ላቅልልልህ። ካምፕ ገብቶ መለማመድ ልጁን ከማንም ጋር አያስረውም። የወዳጅነት ጨዋታም አያስረውም። ለወጣት ቡድን በኦፊሴላዊ ውድድር ቢሰለፍ እንኳን፣ የተሰለፈው 21 ሳይሞላው እስከሆነ ድረስ ለፊፋ አመልክቶ መቀየር ይችላል። ስለዚህ ካምፑ እንዳያመልጠው። ይሂድ፣ ይማር፣ ይታይ።

ጥንቃቄ የሚፈልገው ዋናው ብሔራዊ ቡድን ነው። ድሮ አንድ የማጣሪያ ጨዋታ ላይ ተቀይሮ መግባት ብቻ ዕድሜ ልክ ያስር ነበር። ሙኒር ኤል ሃዳዲን ታስታውሰው ይሆናል፣ የባርሴሎናውን። በ2014፣ በ19 ዓመቱ፣ ስፔን ከመቄዶንያ ስትጫወት መጨረሻ ላይ ገብቶ 13 ደቂቃ ያህል ተጫወተ። ከዚያ በኋላ ዋናው የስፔን ቡድን አላሰለፈውም። ሞሮኮ ለ2018 ዓለም ዋንጫ ስትፈልገው የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤቱ አይቻልም አለ። ልጁ ዓለም ዋንጫውን ቤቱ ሆኖ አየ። ፊፋ ሕጉን ያላላው በ2020 ነው። ሙኒር ለሞሮኮ የተሰለፈው በ2021 ነው። 13 ደቂቃ ስድስት ዓመት ተኩል በላችበት።

አሁን ያለው ሕግ እንዲህ ነው። አንድ ልጅ 21 ሳይሞላው ለዋናው ቡድን፣ የወዳጅነቱም ተቆጥሮ፣ ከ3 ያልበለጠ ጨዋታ ተጫውቶ፣ ከመጨረሻው ጨዋታ በኋላ 3 ዓመት ካለፈ፣ ዓለም ዋንጫም ሆነ የአህጉር ዋንጫ ላይ ካልተሰለፈ፣ መቀየር ይችላል። ግን አንድ ነገር አለች፣ ሰው ሁሉ የሚዘላት። ለመጀመሪያው ሀገር የመጀመሪያውን ኦፊሴላዊ ጨዋታ ሲያደርግ የሁለተኛውን ሀገር ዜግነት በእጁ ይዞ መገኘት አለበት። የኛ ልጆች ጉዳይ የሚቋጠረው እዚህች ላይ ነው።

የሞሮኮ ወይም የጋና ልጅ ማሊያ ነው የሚመርጠው። ሁለቱንም ፓስፖርት መያዝ ይችላላ። ኢናኪ ዊልያምስ ለጋና፣ ታናሽ ወንድሙ ኒኮ ለስፔን ተጫወቱ። ማንም ምንም አልተነጠቀም። ማድሪድ የተወለደው አሽራፍ ሃኪሚ በ2022 ዓለም ዋንጫ ለሞሮኮ ተሰልፎ ስፔንን በፍጹም ቅጣት ምት ሲያሰናብት ማድሪድ የሚመለስበት ቤቱ ነበር። የኛ ልጅ ግን የሚመርጠው ፓስፖርት ነው። ስዊድን ከ2001 ጀምሮ ጥምር ዜግነት ትፈቅዳለች፣ እሷ ጋ ችግር የለም። የማትፈቅደው ኢትዮጵያ ናት። የዜግነት አዋጃችን ቁጥር 378/1996 በፈቃዱ የሌላ ሀገር ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊ ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጥረዋል። ፊፋ ደግሞ አባትህ ጎጃም ተወለደ፣ እናትህ ሐረር ተወለደች ብሎ ብቻ አያሰልፍም። የወላጅ ትውልድ ከዜግነት ጋር ነው የሚሠራው። ቢጫ ካርዱም አያዋጣም። እሱ ትውልደ ኢትዮጵያዊ መሆንህን የሚያሳይ መታወቂያ ነው፣ ዜጋ አያደርግህም።

ይህን ሁሉ ከመጽሐፍ አይደለም ያወቅኩት። በ2019 ልጄ 17 ዓመቱ ነበር። የመሃል ተጫዋች ነው፣ ግራ እግሩ ነፍስ ነው። አንድ ሰው ስልክ ደወለልኝ። አነጋገሩ ጨዋ ነው። "ከ20 ዓመት በታች ቡድኑ ይፈልገዋል፣ ሰነዱን እኔ አስጨርሳለሁ" አለኝ። እኔም ደስታዬ አላስቻለኝም። እናቴ ጋ ደውዬ ነገርኳት። 2,500 ዶላር ላክሁ። ሦስት ሳምንት መልስ ይሰጠኝ ነበር። ከዚያ ስልኩ ጠፋ።

ኋላ ላይ አንድ የሕግ ባለሙያ ወዳጃችን ቤት መጣ። ሻይ ቀርቦለት ታሪኩን ሰማ። ከዚያ ስለ ኳስ አንድም ነገር ሳይጠይቅ "የአንተን የዜግነት ሰርተፊኬትና የልጁን የልደት ሰርተፊኬት አምጣልኝ" አለኝ። አመጣሁ። ሁለቱን ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣቸው። እኔና ባለቤቴ አሜሪካዊ የሆንነው መጋቢት ላይ ነው። ልጁ የተወለደው በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ። ወዳጃችን ጣቱን በሁለቱ ቀኖች ላይ አሳረፈና "ልጁ ሲወለድ ከሁለታችሁ አንዳችሁም ኢትዮጵያዊ አልነበራችሁም" አለ። አዋጁ ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነን ልጅ ነው በትውልድ ኢትዮጵያዊ የሚለው። ልጄ ማቀዝቀዣው አጠገብ ቆሞ ይሰማል። "በ8 ወር ነው የቀረሁት?" አለ፣ በአማርኛ። መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ኢትዮጵያዊ ልሁን ቢል እንደ ማንኛውም የውጭ ዜጋ አመልክቶ፣ አሜሪካዊነቱን ትቶ ነው። እሱ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ በነጻ ትምህርት ሊገባ ነበር። ገባ፣ ተጫወተ፣ ተመረቀ። ያንን ማታ ግን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ስለዚህ ያ የደወለልህ ሰውዬ ቅንጣት ታህል ሰነድ እንዳትልክለት። ብሔራዊ ቡድን ተጫዋች ሲፈልግ በፌዴሬሽኑ በኩል በደብዳቤ ነው የሚጠራው። ገንዘብም አይጠይቅም። ወረቀት ያለ አግባብ ሲሠራ ምን እንደሚያመጣ ኤሚልዮ ንሱዌን ተመልከት። ለስፔን ወጣት ቡድኖች ተጫውቶ ወደ ኢኳቶሪያል ጊኒ ሄደ፣ ዓመታት ተጫወተ፣ በአይቮሪኮስቱ የአፍሪካ ዋንጫ በ5 ጎል ኮከብ ጎል አግቢ ሆነ። በ2024 ፊፋ "ዝውውሩ መቼም አልተፈቀደም" አለ። እሱ ታገደ፣ ሀገሩም ያሸነፈቻቸውን የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ጨዋታዎች በፎርፌ ተነጠቀች።

ውጭ ያደገ ለዋልያዎቹ ተጫውቶ አያውቅም ማለቴ አይደለም። ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ በተመለስንበት በ2013 ከሰውነት ቢሻው ቡድን ጋር ስዊድን ያደገው ዩሱፍ ሳላህ ነበር። ለአሜሪካ ወጣት ቡድኖች የተጫወተው ፉአድ ኢብራሂምም ነበር። ኋላም ስዊድን ያደገው ዋሊድ አታ መጣ። የመጡትን አከብራለሁ፣ ቀላል አይደለም። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) የባሕር ዳርን ስታዲየም ከከለከለ በኋላ ለሀገርህ የሜዳ ጨዋታ ስትጫወት እንኳን ለዓመታት ሰው ሀገር ነበር የምትጫወተው። ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፍነው ሊሎንግዌ ላይ ነው፣ ማላዊ። አያቱ ስታዲየም ገብተው የሚያዩት ቀን ራሱን የቻለ ጸሎት ይፈልጋል።

አሁን ስለ ልቡ። ለልጁ "ማንን ትወዳለህ?" የሚል ጥያቄ አታቅርብለት፣ እባክህ። እዚህ አካባቢያችን ያደገውን ጌዲዮን ዘላለምን እናስታውሳለን። በርሊን ተወለደ፣ ልጅ ሆኖ ወደ ሜሪላንድ መጣ፣ ለጀርመን ወጣት ቡድኖች ተጫወተ፣ አርሰናል ገባ። በ2014 መጨረሻ በአባቱ በኩል የአሜሪካ ዜግነት አገኘ። በ2015 ፊፋ ፈቅዶለት ከ20 ዓመት በታች ዓለም ዋንጫ ላይ ለአሜሪካ ተሰለፈ። በዚያን ጊዜ እዚህ ቡና ቤት ብትገባ ስለ እሱ የማያወራ የለም። "የጀርመን ነው"፣ "የአሜሪካ ነው"፣ "የኛ ነው"። ልጁ ገና 18 ዓመቱ ነው! ከጉዳት ጋር ሲታገል ቆይቶ ለየትኛውም ሀገር ዋና ብሔራዊ ቡድን ሳይሰለፍ ቀረ። እኔም ከሚያወሩት አንዱ ነበርኩ፣ ዛሬ ይቆጨኛል።

አያቱንም ለማጽናናት አንድ ነገር አለኝ። በ2012 የአውሮፓ ዋንጫ ላይ ቼክን ከዘመዶቼ ጋር ነው ያየሁት። ቀኝ ተመላላሹ ጀርባ ላይ ገብረ ሥላሴ የሚል ተጽፏል። ቴዎዶር ገብረ ሥላሴ፣ አባቱ ኢትዮጵያዊ ሐኪም፣ እናቱ ቼክ። ኳስ በነካ ቁጥር አክስቴ "የኔ ልጅ!" እያለች ትነሳ ነበር። ቼክ የት እንዳለች በወጉ አታውቅም። ከዳን ያለ ሰው ቤቱ ውስጥ አልነበረም። በ2016 ደግሞ የጃካ ወንድማማቾች እናት፣ ግራኒት ለስዊዘርላንድ ታውላንት ለአልባኒያ ሲገጥሙ፣ ግማሹ የስዊዘርላንድ ግማሹ የአልባኒያ ባንዲራ የሆነ ቲሸርት ለብሳ ስታዲየም ገባች። የጃካዎቹ እናት ያንን መልበስ ከቻለች አያትየውም ይችላሉ።

እንግዲህ ምን ታደርግ? ካምፑ ይሂድ። ለዋናው የስዊድን ቡድን ኦፊሴላዊ ጨዋታ ሲጠራ፣ ያኔ ነው ቁጭ ብላችሁ የምትመክሩት። የኢትዮጵያው ውሳኔ ግን የራሱ ሰዓት አለው። ልጁ ሲወለድ አንተ ወይም እናቱ ኢትዮጵያዊ ከነበራችሁ እሱም ኢትዮጵያዊ ሆኖ ተወልዷል። ሌላ ዜግነት ካለው ግን 18 ሞልቶት በ1 ዓመት ውስጥ ያንን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን እንደሚይዝ ካላስታወቀ፣ በፈቃዱ እንደተወው ይቆጠራል። ያ የስዊድን ፓስፖርት ትምህርቱ ነው፣ አውሮፓ ውስጥ እንደልቡ የሚጫወትበት ፈቃዱ ነው፣ ጉልበቱ ቢጎዳ ደግሞ መኖሪያው ነው። እኔ ብሆን አላስመልሰውም። አዋጁ ቢሻሻል ግን ደስታዬ ወሰን የለውም፣ ለዚህም የምንችለውን ያህል መጮህ አለብን።

ዝርዝሩ ልጁ የስዊድን ዜግነቱን እንዴት እንዳገኘ ላይ ይለያያል። ከወላጅ በትውልድ ያገኘና ኋላ አብሯችሁ የወሰደ አንድ አይደሉም። ስለዚህ ሦስት ቀን ፈልግልኝ። ልጁ የተወለደበትን፣ አንተና ባለቤትህ ስዊድናዊ የሆናችሁበትን፣ እሱ ስዊድናዊ የሆነበትን። እዚህ አትለጥፈው፣ የግል መልእክት ላክልኝ። ያ የሕግ ባለሙያ ወዳጃችን አሁንም ቅዳሜ ማታ ቤት ይመጣል፣ አሳየዋለሁ።