ጉድለቱ የእጅሽ ነው ወይስ የአሠራሩ?

ጥያቄ፦ «በሕክምና ላቦራቶሪ ተመርቄ እዚሁ ጎንደር በአንድ የግል የምርመራ ማዕከል እሠራለሁ። ሐኪሞች የስኳር ውጤታችን ከታካሚው ሁኔታ ጋር አይገጥምም እያሉ ይመልሱብናል። ኃላፊያችን ሰው ፊት ይቆጣኛል፤ እኔም ችሎታዬን መጠራጠር ጀምሬአለሁ። ደም ከጠዋቱ 1፡30 ጀምሮ ምድር ቤት ይቀዳል፤ ናሙናው ተጠራቅሞ 4፡00 ሰዓት ላይ አንድ ጊዜ ሦስተኛ ፎቅ ይደርሰኛል። ሥራውን ትቼ ሁለተኛ ዲግሪ ልማር?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ ስለ ቁጣው የጻፍሽው አሳዝኖኛል። ያስደነገጠኝ ግን እንደ ዘበት ያለፍሽው ነገር ነው፤ 1፡30 ላይ የተቀዳ ደም እስከ 4፡00 ሰዓት ምድር ቤት መቆየቱ።

አንቺ ከእኔ በላይ የምታውቂው ነገር ነው፤ በሴንትሪፉጅ (ደሙን አሽከርክሮ ፈሳሹን ከሕዋሳቱ በሚለየው ማሽን) ያልተለየ ደም ቱቦ ውስጥም ሆኖ ስኳሩን መጠቀሙን አያቆምም። በክፍል ሙቀት በየሰዓቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ ያህል ይቀንሳል። በባዶ ሆዱ 130 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር የነበረው ሰው፣ ናሙናው ሁለት ሰዓት ተኩል ሲቆይ 110 አካባቢ ሊነበብ ይችላል። የስኳር በሽታ መለያ ወሰኑ ደግሞ 126 ነው። ማሽኑ ደህና፣ እጅሽም ደህና፤ ታካሚው ግን መድኃኒት የሚያስፈልገው ሆኖ ሳለ «የስኳር በሽታ የለብህም» ተብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ስኳሩ እንዳይቀንስ ማቆያ ኬሚካል የተጨመረበት ግራጫ ክዳን ያለው ቱቦም ቢሆን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ቅነሳውን ሙሉ በሙሉ አያስቆመውም።

ስለዚህ ራስሽን ከመኮነንሽ በፊት ነገሩን አረጋግጪ። አንድ ጠዋት ይበቃሻል። ፈቃደኛ ከሆነ ባልደረባ በአንድ ጊዜ ሁለት ቱቦ ደም ይቀዳ፤ አንደኛውን ወዲያው ለይተሽ ለኪው፣ ሁለተኛው ከሌሎቹ ናሙናዎች ጋር እንደተለመደው እስከ 4፡00 ሰዓት ይቆይ። ሁለቱን ውጤቶች ከነሰዓታቸው በአንድ ወረቀት ላይ ጻፊ። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ያቺን ወረቀት በዚያው ቀን ለኃላፊሽ አሳዪ፤ ነገ ጠዋትም የሚመረመር ሰው አለና አታሳድሪያት።

አነጋገርሽን አስቢበት። ሠራተኛ በተሰበሰበበት ሳይሆን ብቻውን ሲሆን ግቢ። «ጋሼ፣ ሐኪሞቹ የሚያነሡት ቅሬታ ምክንያቱ የተገኘ ይመስለኛል፤ ይህቺን ወረቀት ቢያዩልኝ» በይ። መፍትሔውንም ይዘሽ ቅረቢ፦ ናሙናው በየግማሽ ሰዓቱ ይውጣ፣ ወይም ሴንትሪፉጁ ደም ወደሚቀዳበት ክፍል ይውረድ። የቆዩት ናሙናዎች ውጤታቸው ለተሰጣቸው ታካሚዎችም ምርመራው ቢደገም ብለሽ ጠይቂ። ይህን መጠየቅ ድፍረት እንደሚፈልግ አውቃለሁ። ቢሆንም ጠይቂ።

ስለ ጥራት በማስተማር የታወቀው ኤድዋርድስ ዴሚንግ፣ እ.ኤ.አ. በ1950 ለጃፓን መሐንዲሶችና የኩባንያ መሪዎች ትምህርት የሰጠው ሰው፣ በሥራ ላይ ከሚታዩት ችግሮች 94 በመቶ ያህሉ ከአሠራሩ የሚመነጩና የአመራሩ ኃላፊነት እንደሆኑ ከልምዱ ገምቷል። ቁጥሩ ግምት ነው፤ ሐሳቡን ግን በሙሉ ልቤ እቀበለዋለሁ። በቀዶ ሕክምናም የታየው ይኸው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት 19 ነጥቦች ያሉት የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ማረጋገጫ ቅጽ አዘጋጅቶ በስምንት ከተሞች ሆስፒታሎች ተሞከረ። እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመው ውጤት የታካሚዎች ሞት ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ ወርዶ ተገኘ። ሐኪሞቹ እነዚያው ናቸው። ከነጥቦቹ አንዱ ቡድኑ ሥራ ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱ ሰው ስሙንና ድርሻውን እንዲናገር ያዝዛል። ስሟን ተናግራ ሥራ የጀመረች ነርስ፣ ስህተት ስታይ ለመናገር አፏ አይያዝም። በራሳችን ከተማም እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፣ የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ የጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና የአካባቢ ጤና ባለሙያውን በቡድን እንዲሠሩ አድርጎ ነበር የሚያሠለጥነው።

ኃላፊሽን የምትመዝኚው ወረቀቷን ሲያይ በሚያደርገው ነገር ነው። ቁጡ ሰው ሆኖም አሠራሩን ካስተካከለ አብረሽው ሥሪ፤ ቁጣው ደስ አይልም እንጂ ሥራሽን አያበላሽብሽም። «ማን ጠየቀሽ» ብሎ ወረቀቷን ወደ መሳቢያው ከወረወራት ግን ሌላ ቦታ መፈለግ ጀምሪ። ስህተት መናገር የሚያስቀጣበት ቤት ውስጥ ሰው መደበቅን ይማራል፤ ከጊዜ በኋላ አንቺም ትለምጂዋለሽ። እኔ የምፈራልሽ ይህንን ነው።

ክህሎትን በተመለከተ፣ አንድ ነገር ሳይጎድልሽ አይቀርም ብዬ እገምታለሁ። የማሽኑን የዕለት የጥራት ቁጥጥር ራስሽ ትሠሪያለሽ ወይስ ሌላ ሰው ሠርቶ ይተውልሻል? የቁጥጥር ሰንጠረዡን አንብበሽ፣ ነጥቡ ከአማካዩ ከሁለት ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (የተለመደው የውጤት መዋዠቅ መለኪያ) በላይ ርቆ ሲወጣ ምን መደረግ እንዳለበት መወሰን ካልቻልሽ፣ ከሚችለው ባልደረባሽ አጠገብ ቆመሽ ተማሪ። ወረቀትሽም ሆነ የቃል ማስረዳትሽ በዚህ ይጠነክራል፤ ለቅጥር ፈተናም ይጠቅምሻል።

ሁለተኛ ዲግሪውን አልቃወምም። ከቁጣ ለመሸሽ ብለሽ አትግቢበት ነው የምልሽ። ናሙና እስከ 4፡00 ሰዓት የሚጠራቀምበት ቤት፣ ማስተርስ ይዘሽ ብትመለሺም ያንኑ የተሳሳተ ውጤት ያወጣል። የምትማሪ ከሆነ የላቦራቶሪ ጥራት አያያዝን ወይም ክሊኒካል ኬሚስትሪን ምረጪ፤ ዛሬ ያስጨነቀሽ ጥያቄ እዚያ መልስ አለው። ለመልቀቅ ከወሰንሽም የሥራ ልምድ ማስረጃሽን በእጅሽ ሳታስገቢ አትውጪ፤ በወረቀቷም ላይ የናሙና ቁጥር እንጂ የታካሚ ስም አትጻፊ።