የባለቤቴ ኩባንያ በማጭበርበር እየተመረመረ ነው፤ እኛ ምን ይደርስብናል?

እህቴ፣ ባለቤትሽ የሚሠራበት የአሜሪካ ኩባንያ ትርፉን አጋንኖ በመመዝገብ እየተመረመረ እንደሆነ፣ እሱ ግን የመጋዘን ሠራተኛ እንጂ አለቃ እንዳልሆነ ጽፈሻል። «ምን ይደርስብናል? አሁኑኑ ይልቀቅ ወይ?» ብለሻል። በዚህ መንገድ አልፌያለሁ። እኔ እዚሁ አሜሪካ እሠራበት የነበረው ኩባንያ (ስሙ ይቅር) ያልተሸጠ ዕቃ እንደተሸጠ ሲመዘግብ ኖሮ ነው የፈረሰው። የምሠራው ሒሳብ ክፍል ነበር፤ ነገሩን ግን እንደማንኛውም ሰው ከቴሌቪዥን ነው የሰማሁት።

በመጀመሪያ የጡረታ ቁጠባችሁን ተመልከቱ። 401ኬ በሚባለው በአሠሪ በኩል በሚከፈት የጡረታ ሒሳብ የተቀመጠ ገንዘብ በሕግ ከኩባንያው ሀብት ተለይቶ በአደራ ስለሚያዝ የኩባንያው አበዳሪዎች አይነኩትም። አደጋው ያለው ቁጠባው በራሱ በኩባንያው አክሲዮን ሲሆን ነው። ሒሳቡን አጭበርብሮ የከሰረው የሂውስተኑ የኃይል ኩባንያ የኤንሮን አክሲዮን በፈረንጆች 2000 ዓ.ም. ወደ 90 ዶላር ደርሶ ነበር፤ በ2001 መጨረሻ ከአንድ ዶላር በታች ወረደ። የሠራተኞቹ የጡረታ ቁጠባ ከግማሽ በላይ በዚያው አክሲዮን ነበር፤ ኩባንያው በመዋጮ መልክ የሰጣቸውን ደግሞ 50 ዓመት ሳይሞላቸው መሸጥ አይፈቀድላቸውም ነበር። ትልልቆቹ ኃላፊዎች በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር አስቀድመው ሸጠው ወጥተዋል። ከዚያ ወዲህ በ2006 በወጣ ሕግ ሠራተኛው ከራሱ ደመወዝ ያስቀመጠውን በፈለገ ጊዜ፣ የኩባንያውን መዋጮ ደግሞ ሦስት ዓመት ካገለገለ በኋላ በገበያ ከሚሸጥ የኩባንያ አክሲዮን ወደ ሌላ ማዛወር ይችላል። ስለዚህ ዛሬ ማታ አብራችሁ ሒሳቡን ከፍታችሁ እዩ።

የጤና ኢንሹራንሱም ቀላል ነገር አይደለም። ከሥራ የተሰናበተ ሰው ሙሉውን ክፍያ ከኪሱ እየከፈለ በኮብራ ሕግ መሠረት አብዛኛውን ጊዜ እስከ 18 ወር ሊቀጥል ይችላል ይባላል፤ እውነትም ነው። ኩባንያው ፈርሶ የኢንሹራንስ ዕቅዱ ራሱ ከተዘጋ ግን የሚቀጥሉት ነገር አይኖርም። የሐኪም ቀጠሮ ካላችሁ አታዘግዩት።

እስካሁን ያልሁትን ማንም ጠበቃ ይነግርሻል። የሚቀጥለውን የሚነግርሽ ግን የእኛ ሰው ብቻ ነው። እኛ ሥራ የምናገኘው በሰው በሰው ነው። አንዱ ይገባል፣ የአክስቱን ልጅ ያስገባል፣ እሷ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዋን። በዚህ መንገድ የዚያን ኩባንያ መጋዘን ሐበሻ ሞልቶት ነበር፤ ዕቁባችንም እዚያው ነበር። ሰብሳቢው የሌሊት ፈረቃ ተቆጣጣሪ፣ ጸሐፊው ሾፌር። ሥራው ሲዘጋ ቀድሞ ዕቁብ የወጣላቸው መክፈል አቃታቸው፤ ዕጣው ያልደረሳቸው «ገንዘባችንስ?» አሉ። በሌላ ጊዜ አንዱ ሥራ ቢያጣ ሌላው ያበድረው ነበር፤ ያኔ ግን አበዳሪውም ተበዳሪውም በአንድ ሳምንት ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ሰብሳቢው የሰው ገንዘብ በላ ከምባል ብሎ መኪናውን ሸጠ። አብረው ቡና የሚጠጡ ሰዎች ዓመት ሙሉ ተኳረፉ። ያጭበረበሩት ሰዎች ይህን ሁሉ በሕልማቸውም አላዩት! አገር ቤት ያሉት ደግሞ «የአሜሪካ ኩባንያ እንዴት ይከስራል?» እያሉ የዘገየውን ገንዘብ እንደ መክዳት ቆጠሩት። ባለቤትሽ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ዕቁብ ካለው ከአሁኑ ተነጋገሩበት።

ስሙም ይከተላል። አዲስ ሥራ ፍለጋ ስሄድ ቀጣሪዎቹ የድርጅቱን ስም አይተው ፈገግ ይላሉ፤ «ምንም አልጠረጠራችሁም?» ይላሉ። እኔን ያናደደኝ ከሥራ መባረሩ ሳይሆን ይህ ጥያቄ ነው። የኤንሮን ኦዲተር የነበረው አርተር አንደርሰን በአሜሪካ ብቻ ወደ 28,000 ሠራተኞች ነበሩት፤ አብዛኞቹ የኤንሮንን ሰነድ በዓይናቸው አላዩም። ድርጅቱ በ2002 የምርመራ ሥራን በማደናቀፍ ጥፋተኛ ተባለ። በ2005 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ ፍርዱን ሻረው። ሠራተኞቹ የሚመለሱበት መሥሪያ ቤት ግን አልነበረም።

ባለቤትሽ አለቃ አለመሆኑ ብዙም አያጽናናሽ። በዌልስ ፋርጎ ባንክ ደንበኞች ያላዘዙት ሒሳብ ሲከፈት መኖሩ በ2016 ሲጋለጥ ባንኩ ወደ 5,300 ሠራተኞች ማሰናበቱ ታወቀ፤ ብዙዎቹ ኮታ ሙሉ እየተባሉ የሚጨነቁ የቅርንጫፍ ሠራተኞች ነበሩ። በእኛም ኩባንያ «ተሸጠ» የተባለው ዕቃ ወደ ሌላ የኪራይ መጋዘን ብቻ ነበር የሚሄደው፤ የመውጫ ወረቀቱ ላይ የሚፈርመው ደግሞ እንደ ባለቤትሽ ያለ ሰው ነበር። ስለዚህ የሚፈርመውን ያንብብ፤ ያላየውን ዕቃ «ወጥቷል» ብሎ አይፈርም። ማንም ቢያዘው ወረቀት እንዳይቀድ፣ መልእክት እንዳያጠፋ፤ ይህ በራሱ ከባድ ወንጀል ነው። የኩባንያው ጠበቃ በፈገግታ ቢቀርበውም የቆመው ለኩባንያው ነው። መርማሪ ከጠራው የራሱን ጠበቃ ያማክር።

ልልቀቅ ወይ ላላችሁት፣ ሌላ ሥራ በእጁ ሳይገባ ባይለቅ ይሻላል። በፈቃዱ የለቀቀ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሥራ አጥነት ክፍያ አያገኝም፤ ያለ ጥፋቱ የተሰናበተ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያገኛል። እየሠራ ይፈልግ። እስከዚያው የክፍያ ደረሰኞቹንና የቅጥር ደብዳቤውን ቤት ያስቀምጥ፤ የኩባንያውን ሰነድ ግን ይዞ አይውጣ። «በፈቃዴ ለቅቄያለሁ» የሚል ወረቀት ቢያቀርቡለት በዚያው ዕለት አይፈርም፤ ቤት ይዞት ይምጣና አብራችሁ አንብቡት።