«የሕዝብ ድምፅ የእግዚአብሔር ድምፅ» የሚለው የት ነው የተጻፈው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምሠራው ከአንድ ግብፃዊ ኦርቶዶክሳዊ አባት ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ሕዝቡ በፕሬዚዳንቱ በሆስኒ ሙባረክ ላይ ሲነሣ ልጃቸው ካይሮ ታህሪር አደባባይ ልውጣ አለ። እሳቸው «ሥልጣን ከእግዚአብሔር ነው፤ ፓትርያርካችንም አትውጡ ብለዋል» ብለው ከለከሉት። ልጁ «የሕዝብ ድምፅ የእግዚአብሔር ድምፅ ነው» ብሏቸው ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሆድና ጀርባ ናቸው። ልጁ ቤተ ክርስቲያን መሳለም እንኳ ትቷል። «ማናችን ነን የበደልነው?» ሲሉኝ የምመልሰው አጣሁ።

መልስ፦ እኅቴ፣ ሰላም ለአንቺ ይሁን። ለገዢዎች መጸለይ እንደሚገባ፣ በቅዳሴያችንም እንደምናደርገው ታውቂዋለሽና እሱን አልደግመውም። ልቤን የነካው አባትና ልጅ አንዳንድ ቃል ይዘው መለያየታቸው ነው። የአባትየው ቃል ቢያንስ በመጽሐፍ አለ (ሮሜ 13፥1)። የልጁ ግን የለም።

ይህን አባባል ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። አንዳንዴ ከዐውደ ምሕረት ላይ ሳይቀር። ምዕራፉን አሳዩኝ ስል ገጽ ይገለጣል፣ ይገለጣል፣ አይገኝም። የሚገኘው ሌላ ነው። እስራኤል ንጉሥ አንግሥልን ብለው ሳሙኤልን በጠየቁት ጊዜ እግዚአብሔር የሕዝቡን ቃል ስማ አለው። እዚያው ላይ «እኔን ናቁ እንጂ አንተን አልናቁምና» ብሎ ጨመረበት (1ኛ ሳሙ 8፥7)። ይህችን ጥቅስ ደጋግመሽ አንብቢያት። እግዚአብሔር የሕዝቡን ድምፅ ይሰማል። የእኔ ድምፅ ነው ግን አላለም። ሕዝብ ሊደመጥ ይገባዋል፣ ሕዝብ ሊሳሳትም ይችላል። ሙሴም «ክፉውን ነገር ለማድረግ ብዙ ሰዎችን አትከተል» ያለው ብዙ ሰው አብሮ ሊስት ስለሚችል ነው።

ይህን ስትሰሚ ወደ አባትየው ቶሎ እንዳታደዪብኝ። ሮሜ 13ን የያዙት በአንድ ጫፉ ብቻ ነው። ዮሐንስ አፈወርቅ ያንን ምዕራፍ ሲተረጉም ራሱ ይጠይቃል፦ ታዲያ ገዢ ሁሉ በእግዚአብሔር የተመረጠ ነውን? እንዲህ አላልሁም ይላል። ሐዋርያው የሚናገረው ስለ እያንዳንዱ ሹም ሳይሆን ስለ ሥልጣን ነው፤ ሰው እንደ ባሕር ማዕበል ወዲያና ወዲህ እንዳይላተም ሥርዓት መኖሩ የእግዚአብሔር ጥበብ ነው ማለቱ ነው። ጋብቻ ከእግዚአብሔር ነው ስንል እያንዳንዱን ባልና ሚስት እሱ አጋባቸው ማለታችን እንዳልሆነ ሁሉ። ይህንንም ምሳሌ ያመጣው እሱ ራሱ ነው። ጳውሎስ ደግሞ ገዢን «አገልጋይ» ይለዋል። አገልጋይ ጌታ አለው። የሚጠየቅበት ቀን አለው።

ሳኦል ልጁን ዮናታንን ሊገድል በማለ ጊዜ ምን ሆነ? ንጉሥ ነው። የተቀባ ነው። መሐላውንም በእግዚአብሔር ስም ነው የማለው። ሕዝቡ ግን በፊቱ ቆሞ አይሆንም አለ። ከራሱ ጠጉር አንዲት በምድር ላይ አትወድቅም አሉት። ዮናታንንም አዳኑት (1ኛ ሳሙ 14፥45)። መጽሐፍ ሕዝቡን ስለዚህ አልወቀሰም። ዙፋኑንም አልነኩም። ያስቆሙት ግድያውን ነው። ያቺን አንዲት ጠጉር ያዢልኝ፣ እመለስባታለሁ።

አሁን ወደ ግብፅ እንምጣ። ሙባረክ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ቀኖቹን ሁሉ በዚያው እጽፋለሁ) ከ1981 ጀምሮ 30 ዓመት ገደማ ገዛ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁም ያን ሁሉ ዘመን አልተነሣም። ሰውን ያለ ክስ ማሰር ይቻል ነበር። በሰኔ 2010 እስክንድርያ ውስጥ ሁለት ፖሊሶች ኻሊድ ሰዒድ የሚባል የ28 ዓመት ወጣት ከኢንተርኔት ቤት ጎትተው አውጥተው ደብድበው ገደሉት። ከሬሳ ክፍል የወጣውን የተሰባበረ ፊቱን አገሩ ሁሉ አየው። ሰልፉ ለጥር 25 የተጠራውም ዕለቱ የፖሊስ ቀን ተብሎ ስለሚከበር ነው። ሕዝቡ መጀመሪያ የጮኸው ለአንድ ሰው ፊት ነው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

የአባትየውንም ፍርሃት አትናቂው። የ2011 አዲስ ዓመት በገባበት እኩለ ሌሊት ላይ፣ ሰልፉ ሊጀመር ሳምንታት ሲቀሩት፣ እስክንድርያ በቅዱሳን ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቦምብ ፈንድቶ ከ20 በላይ ምእመናን አልቀዋል። ይሄ ሰውዬ ቢወድቅ ማን ይመጣብናል የሚል ሥጋት በየቤቱ ነበር። ፓትርያርክ አቡነ ሺኖዳም ቢሆኑ በ1981 ከሙባረክ በፊት የነበረው ፕሬዚዳንት ሳዳት ወደ ገዳም አግዟቸው ዓመታት የተቀመጡ፣ ሙባረክ በ1985 ወደ መንበራቸው የመለሳቸው አባት ናቸው። ልጆቼን አትውጡ ያሉ እረኛ መንጋው እንዳይበላበት የፈራ እረኛ ነው። ምክራቸው ግን ምክር ነበር። የወጣ ሁሉ ከክርስትና ወጣ ማለት አልነበረም። ሙባረክ ከወረደ በኋላም ቤተ ክርስቲያኒቱ ወጣቶቹን አመስግናለች። አባትየው ይህችን ክፍል ለልጃቸው ነግረውት ያውቁ ይሆን?

የወጡት ክርስቲያኖች ምን እንዳደረጉ አንድ ፎቶ ይነግርሻል። ሙስሊሞቹ አደባባዩ ላይ ለሶላት ተደፍተዋል። ክርስቲያኖች እጅ ለእጅ ተያይዘው ክብ ሠርተው ከበዋቸዋል። ጀርባቸው ወደሚሰግዱት፣ ፊታቸው ወደ ውጭ ነው። ዱላው ከመጣ መጀመሪያ የሚያርፈው በእነሱ ላይ ነው። ልጁ ከእነዚያ መሐል አንዱ ከነበረ በዚያች ሰዓት ወንጌልን ኖሯል። የኖራት ግን «የሕዝብ ድምፅ» ስለ ሰማ አይደለም። ያልታጠቀ ሰው እንዳይመታ ስለ ቆመ ነው።

የሕዝብ አስተያየት እንዴት እንደሚገለባበጥ ደግሞ ያው አገር አሳይቶናል። ሙባረክ የካቲት 11 በወረደ በጥቂት ወራት ውስጥ ፒው የተባለው ተቋም ሕዝቡን ሲጠይቅ ከ100 ሰው 77ቱ መውረዱ መልካም ነው ብለው ነበር። አደባባዩ ላይ «ጦሩና ሕዝቡ አንድ እጅ ናቸው» ተብሎ ተዘምሯል። በዚያው ዓመት ጥቅምት 9 ክርስቲያኖች ስለ ቤተ ክርስቲያናቸው መቃጠል አቤት ለማለት ካይሮ ማስፔሮ፣ የመንግሥት ቴሌቪዥን ሕንፃ ፊት ተሰለፉ። የጦሩ ብረት ለበስ መኪና በላያቸው ሄደባቸው። ከ20 በላይ ሞቱ። ቴሌቪዥኑ ዜጎች ሆይ ጦሩን ከክርስቲያኖች አድኑ የሚል ጥሪ ሲያስተላልፍ ዱላ ይዞ የወጣም ነበረ። አገሩ ያው፣ ከተማው ያው፣ የቆየው ስምንት ወር። በየካቲት የእግዚአብሔር ድምፅ ነው ያልነውን በጥቅምት ምን ልንለው ነው? እኅቴ፣ ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። የዚያ ልጅ ስብራት ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። አደባባዩን እንደ መቅደስ አድርጎ አመነ፣ አደባባዩ ከዳው። የቤተ ክርስቲያኑም አባቶች አልተረዱኝም አለ። ሁለቱንም አጣ።

ለእሱ የምትነግሪው ታሪክ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ387 የአንጾኪያ ሕዝብ ግብር መረረውና የንጉሠ ነገሥቱን የቴዎዶስዮስን ሐውልቶች ገነደሰ። ቅጣቱ እልቂት እንዳይሆን ከተማው ተንቀጠቀጠ። ዮሐንስ አፈወርቅ ያን ጊዜ ቄስ ነበር። በዐቢይ ጾም ቆሞ ሕዝቡን በብርቱ ገሠጸ፣ አጽናናም። ሽማግሌው ጳጳስ ፍላቢያኖስ እኅቱ በሞት አፋፍ እያለች ወደ ቁስጥንጥንያ ገሠገሠና ንጉሡን ለመነ። መነኮሳቱ ከተራራ ወረዱ። ከእነሱ አንዱ መቄዶንዮስ ያልተማረ ሰው ነበር። የንጉሡን ሹም በመንገድ አስቁሞ ለንጉሥህ ንገረው አለው፦ የነሐስ ምስል ቢሰበር ሌላ ይሠራል፣ የእግዚአብሔርን አምሳል ከገደልክ ግን አንዲት ጠጉር እንኳ መልሰህ መፍጠር አትችልም። ንጉሡም ማረ።

ያቺው ጠጉር ናት። ለሳኦል የተነገረችው ለቴዎዶስዮስም ተነገረች። ቤተ ክርስቲያን በዚያ ቀን ለሕዝቡ አጨብጭባ አልወጣችም፣ ለዙፋኑም አላጎበደደችም። የተሰበረውን ሐውልት ጥፋት ነው አለች፣ የሚገደለውን ሰው አትንኩ አለች። በማስፔሮም በታህሪርም ጥያቄው ይኸው ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። ሙባረክ ነሐሴ 2011 ታሞ በአልጋ ተይዞ በብረት ፍርግርግ ውስጥ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ብዙ ሰው ጨፈረ። ፍርድ ተገቢ ነው፣ የተገደሉት ቤተሰብ አላቸው። ጭፈራው ግን ነፍስን ይጎዳል። «ጠላትህ ቢወድቅ ደስ አይበልህ» የተባለው ለልጁም ለአባቱም ነው።

ማን በደለ ላሉሽ እንዲህ በያቸው፦ ልጅዎ ያልታጠቀ ሰው ጋር በመቆሙ አልበደለም። እርስዎም ለልጅዎ ነፍስ በመፍራትዎ አልበደሉም። የበደላችሁት ይህን ሁሉ ዓመት ባለመነጋገራችሁ ነው፣ ይህንንም ንስሐ አባትዎ ዘንድ ይናገሩት። መጀመሪያ የሚደውሉት ግን እሳቸው ይሁኑ፣ አባት ናቸውና። ሲደውሉ ስለ ሙባረክ አያንሡ። በዚያ ሌሊት እስኪመለስ በር በሩን እያዩ እንዳደሩ ብቻ ይንገሩት። አድረው ከሆነ።