ቬሎር ላይ ርካሽ አልጋ ለምትፈልጉ፦ የጥያቄዎቻችሁ መልስ

ቬሎር ደቡብ ህንድ፣ ታሚል ናዱ ውስጥ ያለች መካከለኛ ከተማ ናት። ከቼናይ 140 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ሰው ወደዚህች ከተማ የሚመጣው በሁለት ነገር ነው። አንዱ ትምህርት፣ ሁለተኛውና ትልቁ ህክምና። ክርስቲያን ሜዲካል ኮሌጅ፣ በአጭሩ ሲኤምሲ የሚባለው ሆስፒታል እዚህ ነው። አይዳ ስከደር የተባለች አሜሪካዊት ሐኪም በፈረንጆቹ 1900 በአንድ አልጋ የጀመረችው ክሊኒክ ነው እንዲህ ያደገው። ከምዕራብ ቤንጋል፣ ከሰሜን ምሥራቅ ህንድና ከባንግላዴሽ ሳይቀር ታማሚ ይጎርፋል። ዙሪያውን ያሉት መንገዶችም አስታማሚ በሚያድርባቸው ርካሽ ሎጆች የተሞሉ ናቸው።

እኔ የመጣሁት ለትምህርት ነው። ታማሚ ይዘው የሚመጡ የአገሬ ሰዎችን ስቀበል ሎጆቹን እየዞርኩ አወቅኳቸው። ሰው በጭንቀቱ ላይ አልጋ ፍለጋ ሲንከራተት ማየት በጣም ያሳዝነኛል። ስለዚህ የላካችሁልኝን ጥያቄዎች በተቻለኝ መጠን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ አባቴን ይዤ ልመጣ ነው። አስቀድሜ አልጋ ልያዝ ወይስ ደርሼ ልፈልግ? ዋጋውስ ስንት ነው?

አልጋ አይጠፋም፤ ችግሩ ሌላ ነው። ህንድ ውስጥ የውጭ አገር ሰው ያሳደረ ማንኛውም ሆቴል ፎርም ሲ የሚባል ቅጽ በ24 ሰዓት ውስጥ ለኢሚግሬሽን መላክ አለበት። የሚሞላው በኢንተርኔት ነው፤ የፓስፖርትና የቪዛ መረጃ ይገባበታል። ብዙ ትንንሽ ሎጆች ለዚህ አልተመዘገቡም፣ ወይም ጣጣውን አይፈልጉትም። ስለዚህ ባዶ ክፍል እያላቸው «ሞልቷል» ይላሉ። ሰዎቻችን ይሄ ሲገጥማቸው በቆዳ ቀለማቸው የተናቁ ይመስላቸዋል። እንደዚያ የሚያደርግ የለም አልልም፤ በአብዛኛው ግን ምክንያቱ ቅጹ ነው።

እንግዲህ እንዲህ አድርግ። ለመጀመሪያው ሌሊት ብቻ፣ የውጭ ዜጋ እንደሚቀበል በስልክ ወይም በመልእክት ያረጋገጠልህን አንድ ቦታ ያዝ። በአፕ መክፈልህ ማረጋገጫ አይደለም። ከፍሎ መጥቶ በር ላይ የተመለሰ ሰው አውቃለሁ። ደውለህ «ፎሬይነር ትቀበላላችሁ? ፎርም ሲ ትሞላላችሁ?» በል። ህንድ ስትገባ የምትሞላው የመግቢያ ቅጽም ህንድ ውስጥ የምታርፍበትን አድራሻ ስለሚጠይቅ ይጠቅምሃል። በማግስቱ አባትህን አሳርፈህ፣ በእግርህ ዞረህ ለረጅም ጊዜ የሚሆነውን ምረጥ።

ዋጋው እንደ ሰሞኑ ይለያያል። ኤሲ (የአየር ማቀዝቀዣ) የሌለው ንጹህ ክፍል ከ500 እስከ 1,000 ሩፒ አካባቢ ይገኛል። ኤሲ ያለው ከዚያ ከፍ ይላል።

አንድ ነገር ደግሞ፦ የቀጠሮ ወረቀቱን ደህና አድርገህ አንብብ። ሆስፒታሉ በፈረንጆቹ 2022 ከከተማው ወጣ ብሎ በቼናይ አቅጣጫ ራኒፔት ካምፓስ የሚባል ትልቅ ግቢ ከፍቷል። አንዳንድ የህክምና ክፍሎች ወደዚያ ሄደዋል። ቀጠሮው እዚያ ከሆነ መሀል ከተማ አልጋ ይዘህ በየቀኑ ታማሚ ማመላለስ አድካሚ ነው።

ጥያቄ፦ ከባቡር ጣቢያ የባጃጅ ሹፌሩ «ጥሩ ሆቴል አውቃለሁ» ቢለኝ ልመነው?

አትመኚው። ባቡሩ የሚያወርድሽ ካትፓዲ ጣቢያ ነው፤ ከሆስፒታሉ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ሹፌሩ ወደ ወሰደሽ ሎጅ ስትገቢ ኮሚሽኑ የሚታሰበው ካንቺ ኪስ ነው። «ሲኤምሲ ዋናው በር» ብለሽ ውረጂ። ከዚያ በእግርሽ ፈልጊ። «የያዝሽው ሆቴል ተዘግቷል» ካለሽ ደግሞ እዚያው ባጃጁ ላይ ሆነሽ ለሆቴሉ ደውዪ።

ሰሌዳ ስታነቢ ደግሞ ልብ በይ። እዚህ አካባቢ ሆቴል የሚለው ብዙ ጊዜ ምግብ ቤት ብቻ ነው። ማደሪያ የሚገኘው ሎጅ ወይም ሬዚደንሲ የሚል ያለበት ጋ ነው።

ጥያቄ፦ ክፍሉን ሳይ ምን ምን ልፈትሽ?

ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። ክፍሉን በዓይናችሁ ሳታዩ አትክፈሉ። «ክፍሉን ልየው» ማለት እዚህ ነውር አይደለም፤ ሁሉም ህንዳዊ ያደርገዋል። የማያሳይ ሎጅ ካጋጠማችሁ ውጡ።

መጀመሪያ አልጋው። አንሶላውን ገለጥ አድርጉና የፍራሹን ስፌትና ጥጋጥግ በስልካችሁ መብራት እዩ። ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ትኋን ነው። ሌላ ክፍል ሳይሆን ሌላ ሎጅ ፈልጉ፤ ትኋን በአንድ ክፍል አይወሰንም።

ቀጥሎ ውሃ። ቧንቧውን ክፈቱ፣ ሽንት ቤቱን ልቀቁት። ሙቅ ውሃ ጊዘር በሚሉት ማሞቂያ ነው የሚመጣው። ማብሪያው አብዛኛውን ጊዜ ከመታጠቢያው ውጭ ግድግዳ ላይ ነው። አብርታችሁ ቀዩ መብራት መምጣቱን እዩ፤ ውሃው እስኪሞቅ ሩብ ሰዓት ያህል ይፈልጋል። በአንዳንድ ሎጅ ጊዘር የለም፣ ጠዋት ብቻ ሙቅ ውሃ በባልዲ ያመጣሉ። እሱም አይከፋም፤ ግን ሰዓቱን ጠይቁ። ሻወር ባይሰራ አትደንግጡ። ባልዲና ውሃ መቅጃ ኩባያ ሁሉም ክፍል አለ፤ ህዝቡም የሚታጠበው በዚያ ነው። የሽንት ቤት ወረቀት ግን አታገኙም፤ ከሱቅ ግዙ። ታማሚው ጉልበቱ ደካማ ከሆነ መቀመጫ ያለው ሽንት ቤት መሆኑን አረጋግጡ። መሬት ላይ የሚቀመጡበት ዓይነት ብዙ ነው።

መስኮት መኖሩን ተመልከቱ። ርካሹ ክፍል ብዙ ጊዜ መስኮቱ ወደ ኮሪደር ነው የሚከፈተው። ለአንድ ሌሊት ምንም አይደል፤ ለሦስት ሳምንት ግን ሰውን ያሳምማል። የትንኝ መከላከያ መረብ ካለው ደግሞ እሰየው፤ በተለይ ከዝናብ በኋላ ዴንጊ የሚባለው ትኩሳት አለ። ሶኬት ላይ የሚሰካ የትንኝ መድኃኒት በየሱቁ ይሸጣል።

ሊፍትም ጠይቁ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ርካሽ ክፍል ከቀዶ ጥገና ለወጣ ሰው ርካሽ አይደለም።

ሶኬቶቹ ጎናቸው ላይ ማብሪያ አላቸው። ስልካችሁ ቻርጅ አላደርግ ካለ መጀመሪያ እሱን እዩት። የኛ ባለ ሁለት ክብ ሹል ቻርጀር ይገባል፤ ግን ይላላል። አስማሚ በትንሽ ብር ይገኛል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴና እኔ አብረን ነን። ፓስፖርታችን ላይ ስማችን አይገናኝም። ችግር አለው?

ሊኖረው ይችላል። እኛ ጋ ሚስት የባሏን ስም አትወስድም። ሪሴፕሽኑ ሁለት የማይመሳሰል ስም ሲያይ «ተጋብታችኋል?» ብሎ ይጠይቃል። ያልተጋቡ ሰዎች አብረው እንዳያድሩ የሚከለክል ህግ ህንድ ውስጥ የለም። ነገር ግን ብዙ ትንንሽ ሎጆች የራሳቸው ደንብ አላቸው፤ ቤተሰብ የሚያድርበት ነው ብለው ይመልሳሉ። ስለዚህ የጋብቻ ወረቀታችሁን ወደ እንግሊዝኛ አስተርጉማችሁ ኮፒውን ያዙ። ለቪዛም፣ ለሆስፒታል ቅጽም ይጠቅማችኋል።

ደግነቱ ታሚሎች ይሄን ለመረዳት አይቸገሩም። አብዛኞቹ እንደኛው የቤተሰብ ስም የላቸውም። የአባታቸውን ስም የመጀመሪያ ፊደል ነው ከስማቸው ፊት የሚያስቀምጡት። «ሁለተኛው ስሜ የአባቴ ነው» ስትሏቸው ወዲያው ይገባቸዋል።

ጥያቄ፦ ሌሊት ነው የምደርሰው። ቀን 6 ሰዓት ላይ ልቀቁ ይሉኛል እንዴ?

ጠይቅ። ሁለት ዓይነት አሠራር አለ። አንዱ በፈረንጅ ሰዓት 12፣ ማለትም በኛ ቀን 6 ሰዓት ላይ ለሁሉም ቀኑ የሚያልቅበት ነው። ሌላው የ24 ሰዓት የሚሉት ነው፤ ጠዋት 1 ሰዓት ከገባህ በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ድረስ ክፍሉ ያንተ ነው። ለባቡር መንገደኛ ሁለተኛው ይሻላል። የገባህበትን ሰዓት መዝገቡ ላይ ሲጽፉ አጠገባቸው ቆመህ እይ። የህንድ ሰዓት ከኢትዮጵያ በሁለት ሰዓት ተኩል ይቀድማል፤ ስልክህ መስተካከሉን አትርሳ።

ጥያቄ፦ እናቴ ጿሚ ናት። ህንድ ሁሉ አትክልት ስለሚበላ አትቸገርም አይደል?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የህንዶች የአትክልት ምግብ ሥጋና እንቁላል የለውም እንጂ ወተት፣ ቅቤና እርጎ ሞልቶታል። የታሸገ ምግብ ላይ ያለው አረንጓዴ ነጥብም ሥጋ የለውም ማለት ብቻ ነው፤ የወተት ዱቄት ሊኖረው ይችላል።

ደቡብ በመሆናችሁ ግን ዕድለኞች ናችሁ። ኢድሊ ከሩዝና ከጥቁር ምስር ተቦክቶ በእንፋሎት የሚበስል ነው፤ ወተት የለውም። ዶሳም ያው ቡሆ ነው፣ ስስ ሆኖ ምጣድ ላይ ይጋገራል። እንጀራ የናፈቀው ሰው ከሁሉ በፊት ይሄን ይለምዳል። ዶሳውን ግን በቅቤ የሚቀቡ አሉ። አስተናጋጁን «ነይ ቬንዳም» በሉት፤ ቅቤ አልፈልግም ማለት ነው። «ፓል» ወተት፣ «ታይር» እርጎ ነው፤ «ቬንዳም»ን ከኋላ ማስከተል ነው። ሳምባር የሚሉት የምስርና የአትክልት ወጥ ብዙውን ጊዜ ይሆናችኋል። ቀን ላይ ሚልስ የሚባለውን ሩዝ ከብዙ ዓይነት ወጥ ጋር በሙዝ ቅጠል ያቀርባሉ። ሩዙና ሳምባሩ እስክትጠግቡ ይጨመራል። እርጎውን ብቻ መልሱ።

ሆስፒታሉ አካባቢ የቤንጋሎች ምግብ ቤትም ብዙ ነው፤ ዓሣ ለሚበሉት ይጠቅማል። ቅመሙ ከከበዳት የረጅም ጊዜ አስታማሚ የሚያሳድሩ አንዳንድ ሎጆች ምድጃና ድስት ያከራያሉ፤ ጠይቁ። ሹሮ ከቤት ይዛችሁ ከመጣችሁ እናትሽ አትራብም።

ውሃ የታሸገ ብቻ ጠጡ፤ ክዳኑ ያልተነካ መሆኑን እዩ። የሚሸጥበት ከፍተኛ ዋጋ ራሱ ጠርሙሱ ላይ ታትሟል፤ ከዚያ በላይ አትክፈሉ። ለረጅም ቆይታ ባለ 20 ሊትሩን ካን እስከ ክፍል ያመጡላችኋል።

ጥያቄ፦ ኤሲ ግድ ነው?

ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ከሆነ አዎ፣ በተለይ ለታማሚ። በግንቦት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ከኅዳር እስከ የካቲት ግን ፋን ይበቃል፤ ገንዘባችሁን ቆጥቡ። መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚሠራው ፋኑና አንድ አምፖል ብቻ ሊሆን ስለሚችል፣ ጄነሬተር ኤሲውንም ያስነሳ እንደሆነ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ብቻዬን የምመጣ ሴት ነኝ፤ ከሪያድ ነው የምነሳው። ሰላም ነው?

የሆስፒታሉ አካባቢ ቀንና ሌሊት ሰው አለበት፤ ከብዙ ከተሞች የተሻለ ነው። ቢሆንም ኮሪደሩ መብራት ያለበት፣ ቤተሰብ የሚያድርበት ሎጅ ምረጪ። በሩ ከውስጥ መቀርቀሪያ ይኑረው። በብዙ አሮጌ ሎጅ በሩ ከውጭ በጓጉንቸር ነው የሚቆለፈው፤ የራስሽን ገዝተሽ ተጠቀሚ። ሩም ቦይ የሚሏቸው ልጆች ሻይ ይዘው ጠዋት በማለዳ ያንኳኳሉ። ክፋት የለውም፤ ልማዳቸው ነው። ካልፈለግሽ ማታውኑ ለሪሴፕሽን ንገሪ። በር ሳትከፍቺ ማናገርም መብትሽ ነው።

ጥያቄ፦ ግብር ይጨምራሉ ወይ? በካርድስ ይሆናል?

ከሴፕቴምበር 22 ቀን 2025 ጀምሮ እስከ 7,500 ሩፒ ለሆነ ክፍል ግብሩ 5 በመቶ ነው። ከዚያ በፊት 12 ነበር። 12 የሚጠይቅ ካለ ደረሰኙን አሳዩኝ በሉ። የነገራችሁ ዋጋ ግብሩን የጨመረ መሆኑንም ከመግባታችሁ በፊት ጠይቁ።

ካርድ በርካሽ ሎጅ አትመኑ። ሕዝቡ በስልክ ነው የሚከፍለው፤ እናንተ ጥሬ ገንዘብ ያዙ። የተቀደደ ኖት አትቀበሉ፤ መልሶ የሚቀበላችሁ የለም። የ2,000 ሩፒ ኖት በፈረንጆቹ 2023 ከዝውውር እንዲወጣ ስለተወሰነ ማንም ቢሰጣችሁ እንቢ በሉ።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ ስነሳ ማዘጋጀት ያለብኝ ወረቀት አለ?

የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ። ከኢትዮጵያ ለሚገባ ሰው ህንድ ትጠይቃለች፤ የሌለው እስከ 6 ቀን ለይቶ ማቆያ ሊገባ ይችላል። ክትባቱን ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን በፊት ውሰድ። አስታማሚ ከሆንክ የአስታማሚ ቪዛ ለአንድ ታማሚ እስከ ሁለት ሰው ይፈቀዳል። የፓስፖርትና የቪዛህን ኮፒ ብዙ አድርገህ ያዝ፤ ሲም ካርድ ስታወጣም፣ ሎጅ ስትቀይርም ይጠየቃል።

ጥያቄ፦ ወር እንቆያለን። ቅናሽ ይኖራል?

አለ፤ ግን መጀመሪያ ሁለት ሌሊት እደሩ። ውሃውን፣ ጫጫታውን፣ የባለቤቱን ጠባይ አይታችሁ ከዚያ ተደራደሩ። የወሩን በአንዴ አትክፈሉ፤ በሳምንት ክፈሉ። ሐኪሙ ቶሎ ሊያሰናብታችሁ ይችላል፤ የከፈላችሁትን ማስመለስ ከባድ ነው። ለያንዳንዱ ክፍያ ቀን የተጻፈበት ደረሰኝ ያዙ።

ጥያቄ፦ «ፓስፖርትህ እኛ ጋ ይቀመጥ» ቢሉኝስ?

እንቢ በል። ፎቶ ማንሳትና ኮፒ ማድረግ መብታቸው ነው፤ ለቅጹም ያስፈልጋቸዋል። ዋናው ግን ካንተ ጋር ይሁን፤ ሆስፒታል ካርድ ስታወጣም ይጠይቁሃል። ለመያዣ ብለው ካስቸገሩህ የአንድ ሌሊት ሂሳብ በቀብድ ስጥና ደረሰኝ ተቀበል።