ለስካነሬ ድራይቨር ራሴ ብጽፍለት እከሰሳለሁ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ጀርመን፣ ፍራንክፈርት ነው። ከሱቅ የገዛሁት፣ ወረቀቱ መስታወት ላይ የሚተኛበት ስካነር አለኝ። ዕቃው ጤነኛ ነው። አምራቹ ግን ድራይቨሩን (ኮምፒውተሩ ስካነሩን እንዲያዝ የሚያደርገውን ሶፍትዌር) ማደስ ካቆመ ቆይቷል፤ ለሊኑክስ ደግሞ ጭራሽ አላወጣለትም። በዩኤስቢ የሚያልፈውን እየተከታተልኩ አዲስ ድራይቨር ጽፌ በኦፕን ሶርስ፣ ማለትም ኮዱን ለሁሉም ክፍት አድርጌ፣ ልለቀው አስቤያለሁ። አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬም ያግዘኛል። ችግሩ፣ የኩባንያውን ሶፍትዌር ስጭን «ሪቨርስ ኢንጂነሪንግ (የተሠራን ነገር መርምሮ አሠራሩን ማወቅ) ክልክል ነው» የሚል ውል ላይ «እስማማለሁ» ብያለሁ። ያስጠይቀኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ያሰቡት ሥራ ሕጋዊ ነው፤ በርቱበት። ጣጣ የሚመጣው ስካነሩን በማጥናትዎ አይደለም። ከኩባንያው ሶፍትዌር ላይ ቆርሰው ወደ ራስዎ ሥራ ካስገቡ ነው።

ብዙ ሰው የሚያስፈራው «እስማማለሁ» የምትለዋ ቁልፍ ስለሆነች ከእሷ ልጀምር። በጀርመን የቅጂ መብት ሕግ አንቀጽ 69ዲ መሠረት፣ ሶፍትዌሩን በሕጋዊ መንገድ የያዘ ሰው ሲያስኬደው እንዴት እንደሚሠራ መመልከት፣ ማጥናትና መፈተሽ ይችላል። ፈቃድ አያስፈልገውም። ይህን የሚከለክል የውል ቃል ደግሞ በአንቀጽ 69ጂ ዋጋ የለውም። ምንጩ የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ ስለሆነ ፈረንሳይም ሆነ ስዊድን ያለ አንባቢ ተመሳሳይ ከለላ አለው። የኅብረቱ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2012 ሳስ ኢንስቲትዩት የተባለ የሶፍትዌር ኩባንያ ባቀረበው ክስ ላይ፣ የአንድ ፕሮግራም ተግባር ራሱ በቅጂ መብት እንደማይጠበቅ ወስኗል። ጥበቃ ያለው የተጻፈው ኮድ ነው።

በተግባር ሲታይ እንዲህ ነው። ዊንዶውስን ቨርቹዋል ማሽን (በኮምፒውተርዎ ውስጥ በሶፍትዌር የሚፈጠር ሌላ ኮምፒውተር) ውስጥ ይጭናሉ፤ ስካነሩን ለእሱ ያገናኛሉ፤ በዩኤስቢ የሚያልፈውን በዋየርሻርክ፣ የመረጃ ልውውጥን በሚቀዳ ፕሮግራም፣ ይቀዳሉ። አንዴ በ300፣ አንዴ በ600 ዲፒአይ (የምስል ጥራት መለኪያ) ስካን አድርገው የትኞቹ ባይቶች እንደተለወጡ ያነጻጽራሉ። መብራቱን የሚያበራው ትእዛዝ የቱ ነው? ሞተሩን የሚያስነሳውስ? ይህ ሁሉ «መመልከትና ማጥናት» ነው። የንግድ ምስጢር ሕጉም ቢሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የጀርመን ሕግ ገበያ ላይ የዋለን ዕቃ መፍታትና መመርመር ይፈቅዳል።

የኩባንያውን ድራይቨር ዲኮምፓይል ማድረግ፣ ማለትም የተጠናቀቀውን ፕሮግራም ሰው ወደሚያነበው ኮድ መመለስ፣ ግን ሌላ ነገር ነው። አንቀጽ 69ኢ የሚፈቅደው የእርስዎ ፕሮግራም ከሌላ ፕሮግራም ጋር አብሮ እንዲሠራ የግድ ሲሆን፣ መረጃው በሌላ መንገድ በቀላሉ የማይገኝ ሲሆን፣ እሱም ለሚያስፈልግዎት ክፍል ብቻ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ለሊኑክስ የስካነር ድራይቨሮችን በኦፕን ሶርስ የሚያዘጋጀውን የሳኔ ፕሮጀክትን ዝርዝር ይዩ። የጄኔሲስ ሎጂክ ቺፕ ለምሳሌ የተለያየ ስም በለጠፉ ስካነሮች ውስጥ ይገኛል። የእርስዎም ቺፕ እዚያ አስቀድሞ ተጠንቶ ከሆነ፣ «ሌላ መንገድ የለኝም» የሚለው መከራከሪያዎ ይወድቃል። እኔ ብሆን ዩኤስቢው በቃኝ እስኪል ድረስ ዲኮምፓይለሩን አልነካውም።

የግድ ከሆነ ሥራውን ለሁለት ይክፈሉት። አንዱ የኩባንያውን ኮድ ያነብባል፤ ያገኘውን ትእዛዝ በራሱ ቃል መግለጫ አድርጎ ይጽፋል። ሌላው የኩባንያውን ኮድ ፈጽሞ ሳያይ፣ ከመግለጫው ብቻ ተነሥቶ ድራይቨሩን ይጽፋል። ፊኒክስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1984 ከአይቢኤም ኮምፒውተር ጋር የሚስማማ ባዮስ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳ ፕሮግራም) ያወጣው በዚህ ዘዴ ነው። ሕጉ ይህን አያስገድድም፤ ግን «ቀድተሃል» ሲባሉ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

እዚህ ላይ የጓደኛዎ ነገር ይመጣል። የኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በአንቀጽ 5 ሐሳብን፣ ሥርዓትንና የአሠራር ዘዴን ከጥበቃ ውጪ ያደርጋል። አንቀጽ 14 ደግሞ ለሕጋዊው ባለቤት ለአጠቃቀሙ አስፈላጊ የሆነ አንድ ቅጂ ወይም ማስማማት ይፈቅዳል። ዲኮምፓይልን በስሙ ጠርቶ የሚፈቅድ ድንጋጌ ግን የለውም። ስለዚህ ኮድ ማንበብ ካለ ፍራንክፈርት ላይ በእርስዎ እጅ ይሁን። ጓደኛዎ መግለጫውን ይዞ ይጻፍ።

አሁን አጥብቄ የምነግርዎት ነገር፦ ፈርምዌሩን፣ ማለትም ስካነሩ ውስጥ ሆኖ የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ ይጠንቀቁ። አንዳንድ ስካነር በተከፈተ ቁጥር ፈርምዌሩን ከኮምፒውተሩ ይቀበላል። ያ ፋይል የኩባንያው ሥራ ነው። እርስዎ ሳያስቡት የቀዱት የዩኤስቢ ፋይል ውስጥም ሙሉውን ተቀምጦ ያገኙታል። ስለዚህ ፈርምዌሩንም ሆነ ጥሬውን ቅጂ ሕዝብ የሚያየው ቦታ ላይ አይስቀሉ። ሳኔ መፍትሔው አለው፤ ፈርምዌር የሚጠይቁ ስካነሮች ላይ ተጠቃሚው ፋይሉን ከራሱ ሲዲ አውጥቶ ያለበትን ቦታ ለድራይቨሩ ይነግረዋል። እርስዎም እንደዚያው ያድርጉ።

በስም በኩል፣ «ለእገሌ ስካነር የሚሠራ» ማለት ይችላሉ፤ የኩባንያውን ስምና ዓርማ የፕሮጀክቱ መጠሪያ ማድረግ ግን ይቅር። ፓተንት ኮድ ባይቀዱም ሊነካዎት ይችላል፤ ዕድሜው ግን ማመልከቻው ከገባበት ቢበዛ 20 ዓመት ስለሆነ ስካነሩ ባረጀ ቁጥር ሥጋቱ ይቀንሳል።

አሜሪካ ያላችሁ አንባቢዎች ይህን መልስ እንዳለ ለራሳችሁ አትውሰዱ። እዚያ «እስማማለሁ» ያላችሁት ውል ሊይዛችሁ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2005 የስምንተኛው ወረዳ ይግባኝ ፍርድ ቤት የብሊዛርድን ጨዋታዎች የሚያገናኝ ሰርቨር በሠሩ ሰዎች ላይ የፈረደው እንዲህ ያለውን ክልከላ መሠረት አድርጎ ጭምር ነው። ጠያቂያችን፣ ከዚያ ሆኖ ኮድ የሚልክልዎ ሰው ካለ ይህን ይወቅ።

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማስታወሻ ይያዙ፤ ምን እንደቀዱ፣ ከየትኛው ሙከራ ምን እንደተረዱ፣ ከነቀኑ። ምናልባት ከኩባንያው ጠበቃ «አብማኑንግ» (ከክስ በፊት የሚላክ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ) ቢደርስዎ ዝም አይበሉ፤ አብሮ የመጣውን የግዴታ ወረቀትም ወዲያው አይፈርሙ። ቀነ ገደቡ አጭር ነው። ማስታወሻዎን ይዘው ከገደቡ በፊት ጠበቃ ጋ ይሂዱ።