ማሽኑ ደህና ነው፣ ውሃው አየር ይዟል
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ውስጥ የብር ሥራ ቤት አለኝ። የአንገት መስቀልና ቀለበት ለማጠብ ትንሽ የአልትራሶኒክ ማሽን ገዛሁ፤ 40 ኪሎኸርዝ ይላል። ከቧንቧ ውሃ ቀድቼ፣ ሳሙና ጠብ አድርጌ መስቀሉን ስከተው ጠዋት ላይ ምንም አይሠራም ማለት ይቻላል። ስወለውልበት የነበረው ቅባት ጥልፉ ውስጥ እንዳለ ይወጣል። ከሰዓት በኋላ ግን ያው ማሽን፣ ያው ውሃ፣ ጥሩ ያጥባል። ሻጩ «መጀመሪያ ከውሃው አየሩን አስወጣ» ብሎኝ ነበር፤ እንዴት እንደሆነ ግን አላሳየኝም። ችግሩ ከመብራቱ ይሆን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሻጩ እውነቱን ነው። መብራቱን ተወው።

ከቧንቧ የቀዳኸው ውሃ ውስጥ አየር ሟሙቷል። በዓይን አይታይም። ጠዋት በብርጭቆ ቀድተህ ብታስቀምጠው ግን ቆይቶ ሞቅ ሲል የብርጭቆው ግድግዳ ላይ ጥቃቅን አረፋ ተለጥፎ ታገኛለህ፤ ያ ከውሃው የወጣ አየር ነው።

አሁን ማሽኑ እንዴት እንደሚያጥብ እንይ። ጆሮ በማይሰማው የድምፅ ሞገድ በሰከንድ 40,000 ጊዜ (40 ኪሎኸርዝ ማለት ይሄ ነው) ውሃውን ይስባል፣ ይገፋል። ሲስበው ውሃው ውስጥ በጣም ጥቃቅን፣ በእንፋሎት የተሞሉ ክፍተቶች ይፈጠራሉ፤ ሲገፋው ደግሞ በቅጽበት ይደረመሳሉ። ቅባቱን ከጥልፉ ውስጥ ፈልቅቆ የሚያወጣው ይሄ መደርመስ ነው፣ ካቪቴሽን ይሉታል። ውሃው አየር ከያዘ ግን አየሩ እነዚያ ክፍተቶች ውስጥ ይገባል። እንፋሎት ሲጨመቅ ወዲያው ወደ ውሃ ይመለሳል፣ አየር ግን እዚያው ይቀርና ምቱን እንደ ፍራሽ ተቀብሎ ያለዝበዋል። በዚያ ላይ እየዋኘ የሚዞረው አረፋ የድምፁን ሞገድ ይበትነዋል፣ ይውጠዋል፤ ስለዚህ ጉልበቱ መስቀሉ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ያልቃል።

ከሰዓት በኋላ ለምን እንደሚሻልህ አሁን ይገባሃል። ማሽኑ ሲሠራ ውሎ ውሃው ሞቋል፣ አየሩም ወጥቷል። ሳታውቀው ሥራውን ጨርሰህለታል ማለት ነው፤ እኔ የምልህ ያንን ጠዋት አስበህበት አድርገው ነው።

ውሃውን ሙላ፣ ሳሙናውን ጨምር። ሳሙናው ውሃው ዕቃው ላይ በደንብ እንዲሰራጭ ያደርጋል፣ አረፋውም ቶሎ እንዲላቀቅ ያግዛል፤ ግን ጠብታ ይበቃል፣ ገንዳው ላይ አረፋ እስኪቆለል አይደለም። ማሞቂያውን ከ50 እስከ 60 ዲግሪ አድርገው። ውሃ ሲሞቅ አየር የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል፦ በ60 ዲግሪ የሚይዘው ኦክስጅን በ20 ዲግሪ ከሚይዘው ግማሽ ያህሉን ነው። ከዚያ ምንም ዕቃ ሳትከት ማሽኑን በውሃው ብቻ አስነሳው። ለትንሽ ገንዳ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ብዙ ጊዜ ይበቃል፣ ትልቅ ከሆነ ግማሽ ሰዓትም ሊወስድ ይችላል። አየር ማስወጫ ቁልፍ ያለው ማሽን ሞገዱን እየለቀቀ እያቆመ ስለሚሠራ ጥቃቅኖቹ አረፋዎች ተጠጋግተው ይተልቃሉና ወደ ላይ ይወጣሉ። ያንተ ይሄ ከሌለው በእጅህ አድርገው፦ ጥቂት ደቂቃ አስነሳ፣ ትንሽ አቁም፣ እንደገና አስነሳ። ወደ ላይ የሚወጣ አረፋ ሲጠፋና ድምፁ ሲስተካከል ደርሷል።

«ሙቀት ከረዳ ለምን አላፈላውም?» እንዳትለኝ። ከመጠን በላይ ሲሞቅ ክፍተቶቹ በብዙ እንፋሎት ይሞላሉ፣ ምቱም ይላላል። ባሕር ዳር ደግሞ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው፤ መመሪያው ባሕር ጠለል ላይ ላለ ሰው የተጻፈ ከሆነ ትንሽ ዝቅ አድርገህ አንብበው። መብራት ሲቸግርህ ግን ውሃውን ከሰል ላይ አፍላውና ከድነህ አቀዝቅዘው፤ አብዛኛው አየር እዚያው ይወጣል። ወደ ገንዳው ስትገለብጥ ግን ቀስ አድርገህ በጠርዙ በኩል ይሁን፤ ከላይ ካንደቀደቅከው ያስወጣኸውን አየር መልሰህ ታስገባለህ።

መፈተሽ ከፈለግህ ቀጭን የአልሙኒየም ፎይል ውሃው ውስጥ አንጠልጥለህ ለግማሽ ደቂቃ ያህል አቆየው። በደንብ ከሠራ ፎይሉ ይቦረቦራል፣ ይበሳሳል። ከአየር ማስወጣቱ በፊትና በኋላ ብታደርገው ልዩነቱን በዓይንህ ታያለህ።

ሁለት ነገር አደራ። የጠቆረ ብር የጠቆረው በድኝ ውህድ ነው፣ አየሩ ቢወጣም ባይወጣም ውሃና ሳሙና ብቻውን አያነጣውም። የወሎ ደላንታ ኦፓል ያለበትን ጌጥ ደግሞ በፍጹም እንዳትከት። ድንጋዩ ውሃ ይመጥጣል፣ ሊሰነጠቅም ይችላል። የደንበኛ ንብረት ነው! ሉልና አምበርም እንደዚያው።

ጥያቄ፦ ወደ ዘጌ የሚመላለሱ ጀልባዎችን ሞተር እጠግናለሁ። ካርቡራቶር (ነዳጁን ከአየር የሚቀላቅለውን የሞተር ክፍል) ለማጠብ የአልትራሶኒክ ማሽኑ ገንዳ ውስጥ ቤንዚን ብጨምር አየር ማስወጣት አያስፈልገኝም አይደል? ደግሞስ የጣና ውሃ ይሆናል?

መልስ፦ ቤንዚን በጭራሽ! ማሽኑ ይሞቃል፣ ኤሌክትሪክ ነው፣ የቤንዚኑ ትነት በአንዲት ብልጭታ ይነድዳል። ያንተንም የጎረቤትህንም ሕይወት ነው የምታስይዘው። አየር ደግሞ ቤንዚን ውስጥም ይሟሟል፣ ስለዚህ ምንም አታተርፍም። ቅባት በሚያነሳ ሳሙና ሞቅ ያለ ውሃ ተጠቀም፤ ካርቡራቶሩ አልሙኒየም ከሆነ ኃይለኛ አልካሊ (እንደ ኮስቲክ ሶዳ ያለ) ያለበትን ተወው፣ ያጠቁረዋል። በረኪናም አይሁን፣ የገንዳውን ብረት ይበላል። አየሩን አስወጥተህ ስትከተው ካርቡራቶሩን ወዲያ ወዲህ አገላብጠው፣ ቀዳዳዎቹ ውስጥ የታፈነ አየር ካለ እዚያ ጋ ምንም አይታጠብምና። የጣና ውሃ በክረምት ደለል ስለሚበዛው ገንዳው ግርጌ ላይ ይተኛብሃል፤ የቧንቧው ይሻላል። አዲስ ውሃ በጨመርክ ቁጥር፣ አድሮም ከሆነ ጠዋት ላይ፣ አየር ማስወጣቱን ድገመው። ውሃ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ከላይ አየር መልሶ ይጠጣል።

ጥያቄ፦ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ነኝ። አየሩ ከወጣ በኋላ ያጠብናቸው መሣሪያዎች ከጀርም ነጻ ናቸው ማለት ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም እህቴ። አየር ማስወጣት እጥበቱን ያጠነክራል እንጂ ጀርም አያጠፋም። ውሃውን ቢያንስ በየቀኑ ቀይሪው፣ ከቆሸሸም ከዚያ ቀድመሽ፤ በቀየርሽው ቁጥር መሣሪያ ሳይገባ አየሩን አስወጪ። መሣሪያዎቹን በቅርጫቱ አድርገሽ፣ መቆንጠጫና መቀስ አፋቸውን ከፍተሽ ክተቻቸው፣ ግርጌውን እንዳይነኩ። ሲሠራ ክዳኑ ይዘጋ፣ እጅም አይግባ። ከወጡ በኋላ ይለቅለቁ፣ ይድረቁ፣ ከዚያ ታሽገው አውቶክሌቭ (በግፊት በተሞላ እንፋሎት ጀርም የሚገድለው ማሽን) ይግቡ።