የሥራ ስብሰባን ስለ ማቀድና ስለ መምራት፦ ጥያቄና መልስ

ከቃሊቲ እስከ ገላን ባሉ ፋብሪካዎችና መጋዘኖች የምትሠሩ ባልደረቦች ስለ ስብሰባ አመራር እንድትጠይቁኝ በጋበዝኳችሁ መሠረት ብዙ ጥያቄ ልካችኋል። አቃቂ አካባቢ በሚገኝ አንድ ፋብሪካ መጀመሪያ ቃለ ጉባኤ ያዥ፣ ኋላም የክፍል ኃላፊ ሆኜ ለረጅም ዓመታት ስለሠራሁ፣ የምመልሰው በአብዛኛው ካየሁት ተነሥቼ ነው።

ጥያቄ፦ ሰኞ ጠዋት በ2 ሰዓት የሚጠራው ስብሰባችን ሁልጊዜ ግማሽ ሰዓት ዘግይቶ ይጀመራል። ሰብሳቢያችን «መንገዱ ነው» ይላሉ። ምን ቢደረግ ይሻላል?

መልስ፦ መንገዱስ እውነት ነው፤ ከቱሉ ዲምቱ ወደ ቃሊቲ የሚመጣ ሰው የጭነት መኪናው ሰልፍ ምን ያህል እንደሚያዘገይ ያውቀዋል። ነገር ግን ዘወትር የሚያዘገይ መንገድ ድንገተኛ ችግር ሊባል አይችልም። የሠራተኛ ሰርቪሶች በትክክል የሚገቡበትን ሰዓት ከጥበቃዎች ጠይቁና ስብሰባውን ከዚያ 20 ደቂቃ በኋላ አድርጉት፤ ከዚያ ወዲያ ግን በሰዓቱ ጀምሩ፣ ላረፈደም ሰው ያለፈውን አትድገሙለት። በሰዓቱ የተገኙ 11 ሰዎች አንድን ሰው ለግማሽ ሰዓት ሲጠብቁ 5 ሰዓት ተኩል የሥራ ጊዜ ይባክናል፤ ይህን ሒሳብ ለሰብሳቢዎ በአክብሮት ቢያሳዩአቸው እንደ ወቀሳ የሚቆጥሩት አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ አጀንዳ እናወጣለን፤ ሆኖም አብዛኛው ጊዜ «ልዩ ልዩ» በሚለው ነጥብ ላይ ያልቃል።

መልስ፦ «ልዩ ልዩ» የስብሰባዎቻችን ጓዳ ነው፤ ማንም ያልተዘጋጀበት ነገር ሁሉ እዚያ ይከተታል። በልዩ ልዩ የሚነሣውን ጉዳይ ስብሰባው ሲከፈት አስመዝግቡ፤ ከ5 ደቂቃ በላይ የሚፈልግ ከሆነም ወደሚቀጥለው ስብሰባ ይዛወር። ዋናዎቹን ነጥቦች ደግሞ በጥያቄ መልክ ጻፏቸው። «ስለ ጥሬ ዕቃ» የሚል አጀንዳ ለወሬ በር ይከፍታል፤ «የሚቀጥለውን ወር ጥሬ ዕቃ ከየትኛው አቅራቢ እንግዛ?» የሚለው ግን ተሰብሳቢው ዋጋውን አጣርቶ እንዲመጣ ያስገድደዋል። ለዚህም ቢያንስ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ሊደርሰው ይገባል።

ጥያቄ፦ «አስተያየት ስጡ» ሲባል ሁሉም አንገቱን ይደፋል፤ ወጥተን ቡና ስንጠጣ ግን ተናጋሪ ያልሆነ የለም።

መልስ፦ ይህ ከሁሉም የከበደኝ ጉዳይ ነበር። ሰውን ዝም የሚያሰኘው ፍርሃት ብቻ አይደለም፤ ይሉኝታም አለበት፤ አለቃው አስቀድሞ ሐሳቡን ከተናገረ በኋላ ሌላ ሐሳብ ማቅረብ እርሱን በሰው ፊት ማሳፈር መስሎ ይታያል። ስለዚህ ኃላፊው መጨረሻ ላይ ይናገር፤ ቅድሚያውም ለሥራው ቅርብ ለሆኑት ይሰጥ። በእኛ ፋብሪካ የማሸጊያ መስመሩ ለምን ደጋግሞ እንደሚቆም ኃላፊዎች ብቻ ተሰብስበን ለሁለት ሳምንት ተከራክረናል። በመጨረሻ ከሌሊት ፈረቃ የተጠራች አንዲት ሠራተኛ መስመሩ የሚቆመው ካርቶኑ እርጥበት ሲይዝ መሆኑን በሁለት ዓረፍተ ነገር ነገረችን። ለምን ቀድማ እንዳልነገረችን ስንጠይቃት የጠየቃት ሰው እንዳልነበረ መለሰች፤ እውነቷን ነበር። እንደዚያም ሆኖ የማይናገር ካለ፣ ወረቀት አድላችሁ ስም ሳይጻፍበት ሐሳቡን እንዲያሰፍር ማድረግ ይረዳል።

ጥያቄ፦ ከሥራ ሰዓት በኋላ የግዴታ ስብሰባ መጥራት ይቻላል? ሰርቪሳችን በ11 ሰዓት ይወጣል።

መልስ፦ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንትም ከ48 ሰዓት አይበልጥም፤ የሥራ ሰዓት የሚባለውም ሠራተኛው ሥራ የሚሠራበት ወይም ለሥራ ዝግጁ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ነው። በእኔ አረዳድ በግዴታ የተጠራ ስብሰባ ከዚህ ውጭ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ከመደበኛው ሰዓት ካለፈና ጊዜው ከምሽቱ 4 ሰዓት በፊት ከሆነ፣ በሰዓት የሚከፈለው ደመወዝ በ1.5 ተባዝቶ ሊታሰብ ይገባል። ክርክር ከተነሣ የሠራተኛ ማኅበራችሁን አማክሩ። ሰርቪስ ያመለጠውን ሰው በምን እንደሚመልሱት ደግሞ ጠሪዎቹ አስቀድመው ያስቡበት።

ጥያቄ፦ ዓርብ በ6 ሰዓት ተኩል ብናደርገውስ?

መልስ፦ አታድርጉት። የጁምዓ ሰላት ሰዓት ነው፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም የዓርብን የምሳ ዕረፍት ከ5 ሰዓት ተኩል እስከ 7 ሰዓት ተኩል ያደረጉት በዚሁ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ ቃለ ጉባኤያችን አራትና አምስት ገጽ ይሆናል፤ የሚያነበው ግን የለም። እንዴት ቢያዝ ይሻላል?

መልስ፦ እኔም ጀማሪ ሳለሁ የእያንዳንዱን ተናጋሪ ቃል ለመመዝገብ ስሮጥ ውሳኔው ያመልጠኝ ነበር። አንድ ጊዜ የጥገና ሥራ እንዲሠራ ተወስኖ «ክትትል ይደረግበታል» ብዬ ጻፍኩ፤ ከወር በኋላ ስንሰበሰብ የጥገና ክፍሉ ግዥን፣ ግዥው ፋይናንስን ሲጠብቅ እንደከረመ ታወቀ፤ ማን እንዲከታተል አልጻፍኩም ነበርና። ከዚያ ወዲህ ለእያንዳንዱ ነጥብ ምን እንደተወሰነ፣ ማን እንደሚፈጽመውና እስከ መቼ እንደሚፈጽመው ብቻ እጽፋለሁ፤ ሰው ከመቀመጫው ከመነሣቱ በፊትም ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብበዋለሁ። ስሙ የተጠራ ሰው «እኔ እኮ አልተስማማሁም» የሚል ከሆነ የሚለው ያኔ ነው፤ ያኔ ማስተካከል ደግሞ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። የሚቀጥለው ስብሰባ የመጀመሪያ አጀንዳም ይኸው ወረቀት ይሁን።